ፕሉሼንኮ በቫንኩቨር በ1.31 ነጥብ የተበለጠው ለምንድን ነው?

የቱሉ ዲምቱ መምህር (ጠያቂ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ሥራዬም መምህርነት ነው። የማነሣው ጉዳይ በአገራችን ብዙም የማይወራለት የበረዶ ላይ ስፖርት፣ ማለትም ፊገር ስኬቲንግ በመሆኑ፣ እንዴት እንደገባሁበት በአጭሩ ልንገራችሁ። የ13 ዓመት ታናሽ ወንድሜ ከብሎካችን ጀርባ መኪና እምብዛም በማያልፍበት አስፋልት ላይ የስኬቲንግ ጫማ አድርጎ ሲንሸራተት ይውላል። ጫማውን ከአጎታችን ልጅ የወረሰው በመሆኑ ይሰፋዋል፤ ከፊቱ ካልሲ ጠቅጥቆ ነው የሚያስረው። ባለፈው ክረምት ዝናቡ ከቤት ሲያስቀረው በስልኬ ቪዲዮ ማየት ጀመረና ሩሲያዊውን ዬቭጌኒ ፕሉሼንኮን አገኘ፤ ከዚያ ወዲህ በቤታችን ሌላ ወሬ የለም። እኔም እንደ ዋዛ አብሬው ማየት ጀምሬ ሳላስበው ተያዝኩ።

ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ። ፕሉሼንኮ በ2006 በቱሪን ኦሊምፒክ 258.33 ነጥብ አግኝቶ፣ ሁለተኛ የወጣውን የስዊዘርላንዱን ስቴፋን ላምቢዬልን በ27.12 ነጥብ አስከትሎ ወርቅ ወሰደ። ከአራት ዓመት በኋላ በቫንኩቨር ግን 256.36 አግኝቶ፣ 257.67 ባስመዘገበው አሜሪካዊ ኢቫን ላይሳቼክ ተበለጠ። ግራ የገባን አሜሪካዊው በአየር ላይ አራት ጊዜ የሚዞርበትን ዝላይ ጨርሶ አለመሞከሩ ነው፤ ፕሉሼንኮ ግን ያንኑ ዝላይ ከሌላ የሦስት ዙር ዝላይ ጋር አያይዞ ሳይወድቅ ሠርቶታል። ወንድሜ «ከባዱን የሠራው እንዴት ይሸነፋል?» ሲለኝ መልስ አጣሁ። የአውቶቡስ ሰልፍ ላይ ቆመን ጉዳዩን ያነሣሁለት የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ፣ ዳኛ ነጥብ በሚሰጥበት ስፖርት ሁሉ ነገሩ የሚያልቀው ጓዳ ውስጥ ነው ብሎ ደመደመው።

እኔ እንዲህ በቀላሉ መደምደም አልፈለግሁም። ይሁን እንጂ ሩጫ ለለመደ ሰው ነገሩ በእርግጥ ይከብዳል፤ ኃይሌ ገብረሥላሴ በ2000 በሲድኒ ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሴኮንድ ሲቀድመው ሰዓቱ ተናገረ፣ ክርክሩም በዚያው አበቃ። እዚህ ግን ሰዓት የለም። ያ 1.31 ነጥብ ከየት እንደመጣ የሚያስረዳኝ አለ? ደግሞም ይህ ሰው ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅና ሁለት ብር ይዞ፣ በ2014 በሶቺ ግን ለግል ውድድሩ ማሟሟቂያ ገብቶ ሳይወዳደር ወጥቷል። የውድድር ዘመኑን በጥቅሉ እንዴት ትመለከቱታላችሁ?

የሰበታው ሒሳብ ሠራተኛ

መምህር፣ ባልደረባዎ የተሳሳቱ ይመስለኛል፤ ቢያንስ በዚህ ውድድር ላይ ስሌቱ በግልጽ የሚታይ ነው። ውድድሩ ሁለት ክፍል አለው፤ አጭሩ ፕሮግራምና ረጅሙ ወይም ነጻው ፕሮግራም ይባላሉ። በአጭሩ ፕሮግራም ፕሉሼንኮ 90.85፣ ላይሳቼክ 90.30 አገኙ፤ ስለዚህ ሩሲያዊው 0.55 ነጥብ እየመራ ነው ወደ ሁለተኛው ቀን የገባው። በነጻው ፕሮግራም 165.51 ለ167.37 ሆነ፤ እዚህ 1.86 ተበለጠ። ከ1.86 ላይ 0.55 ሲቀነስ የጠየቁት 1.31 ይመጣል።

ቀጥሎ ያ 1.86 የተገኘው ከየት ነው የሚለውን እንይ። የነጻው ፕሮግራም ነጥብ የሁለት ነገሮች ድምር ነው። አንደኛው ዝላዩ፣ ሽክርክሪቱና የእግር ሥራው እያንዳንዱ በዋጋው የሚታሰብበት የቴክኒክ ነጥብ ሲሆን፣ ሁለተኛው ዳኞች የአንሸራታቹን ችሎታ፣ አቀራረብና ከሙዚቃው ጋር ያለውን ስምምነት የሚመዝኑበት ነጥብ ነው። በዚህ በሁለተኛው፣ ሰዎች «የጓዳ ነጥብ» እያሉ በሚጠረጥሩት ክፍል፣ ሁለቱም 82.80 ነው ያገኙት። እኩል ለእኩል! እንዲያውም ፕሉሼንኮ በዚያ ምሽት ከአንዱ ዝላይ ወደ ሌላው የሚሄድባቸው መንገዶች ባዶ እንደነበሩ ያየ ሰው፣ እኩል መሰጠቱ ለእሱ ያደላ ነበር ቢል አልቃወመውም። ልዩነቱ በሙሉ ያለው በቴክኒኩ ክፍል ነው፤ 84.57 ለ82.71።

ታዲያ አራት ዙር የዘለለ ሰው እንዴት በቴክኒክ ያንሳል? በዚያ ዓመት የዋጋ ሠንጠረዥ ቶ ሉፕ የሚባለው ባለ አራት ዙር ዝላይ 9.8፣ አክሰል የሚባለው ባለ ሦስት ዙር ዝላይ 8.2፣ ሉትዝ የሚባለው ባለ ሦስት ዙር ዝላይ ደግሞ 6.0 ያወጡ ነበር። በአራት ዙሩና በአክሰሉ መካከል ያለው ልዩነት 1.6 ብቻ መሆኑን ልብ ይበሉ። በሌላ በኩል ደንቡ፣ ከፕሮግራሙ አጋማሽ በኋላ ለሚሠራ ዝላይ፣ እግር ከደከመ በኋላ መዝለል ይከብዳል በሚል፣ በመነሻ ዋጋው ላይ አሥር በመቶ ይጨምር ነበር። ሁለቱም ስምንት ስምንት ጊዜ ዘለሉ። ላይሳቼክ ከስምንቱ አምስቱን ከአጋማሹ በኋላ ሲያደርግ፣ ፕሉሼንኮ ሦስቱን ብቻ አስቀረ። አንድ አክሰልና አንድ ሉትዝ ወደ ሁለተኛው አጋማሽ ቢያሸጋግር ኖሮ የ14.2 አሥር በመቶ፣ ማለትም 1.42 ነጥብ ያገኝ ነበር፤ ከተሸነፈበት ይበልጣል። (እርግጥ ደክሞት ቢያበላሻቸው ስሌቱ ይፈርሳል።) በተጨማሪም ዳኞች ለእያንዳንዱ ዝላይ ጥራት የሚጨምሩት ወይም የሚቀንሱት ነጥብ አለ፤ ቪዲዮውን ቀስ አድርገው ቢያዩት፣ የፕሉሼንኮ አክሰሎች በአየር ላይ ዘንባላ ናቸው፤ ሳይወድቅ የሚያርፈው በጉልበትና በልምድ ነው። የላይሳቼክ ቀጥ ያሉ ነበሩ።

በእኔ ግምት ፕሉሼንኮ የተሸነፈው በዳኛ ሳይሆን በደንብ ነው፤ ደንቡን አንብቦ ለመሰናዳት ደግሞ ጊዜ ነበረው። ደንቡ ራሱ ትክክል ነበር ወይ ከተባለ ግን ሌላ ክርክር ነው፤ በቀጣዩ የውድድር ዓመት የአራት ዙሩ ቶ ሉፕ ዋጋ ከ9.8 ወደ 10.3 ከፍ ማለቱ፣ ደንብ አውጪዎቹም ራሳቸው ቅር ብሏቸው እንደነበር ያሳያል።

የለገጣፎ ጡረተኛ

ልጆቼ፣ ውይይታችሁን በደስታ ነው ያነበብኩት። በ80ዎቹ ዓመታት ምሕንድስና የተማርኩት በያኔዋ ሌኒንግራድ፣ በዛሬዋ ሴንት ፒተርስበርግ ነው። ከማደሪያችን መግቢያ አጠገብ በነበረው ክፍል አንድ ቴሌቪዥን ነበር፤ በክረምት ይህ ውድድር ሲተላለፍ በር ጠባቂዋ ባቡሽካ ሹራቧን እየሠራች፣ ዓይኗን ከመርፌዋ ሳታነሣ «በውስጠኛው ጠርዝ ነው ያረፈው፣ ይቀነስበታል» ትል ነበር። እኛ ኢትዮጵያውያኑ የምናየው ሰውዬው ወደቀ ወይስ አልወደቀም የሚለውን ብቻ ነበር። የእኛ እናቶች የጤፉን ዓይነት በመዳፋቸው ዘገን አድርገው እንደሚለዩት፣ እነሱም ስፖርቱን በዚያ ደረጃ ነው የሚያውቁት።

የፕሉሼንኮን ዘመን ከቫንኩቨር ጀምራችሁ አትመዝኑት። የተወለደው በ1982 በሩቅ ምሥራቅ ሩሲያ በካባሮቭስክ ግዛት ሲሆን፣ ወላጆቹ የባይካል አሙር የባቡር መስመር ሠራተኞች ነበሩ። ያደገው በቮልጎግራድ ነው፤ በረዶ ላይ የወጣውም በአራት ዓመቱ እዚያው ነው። ሶቪየት ኅብረት ከፈረሰ በኋላ በነበረው የችግር ጊዜ የቮልጎግራዱ የበረዶ ሜዳ ተዘጋ፤ ልጁ የ11 ዓመት ሳለ ከቤተሰቡ ተለይቶ ወደ አሠልጣኙ አሌክሴይ ሚሺን ዘንድ ወደ ፒተርስበርግ ሄደ። እናቱ የመጡት ዘግይተው ነው፤ ብዙ ቤተሰብ አንድ ወጥ ቤት በሚጋራበት አፓርትመንት ነው የኖሩት። ይህንን የምነግራችሁ ለማሳዘን አይደለም፤ ልጁ ለምን ከማንም ቀድሞ እንደደረሰ ስለሚያስረዳ ነው። በ14 ዓመቱ የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮን፣ በ15 ዓመቱ፣ በ1998፣ በአዋቂዎቹ የዓለም ሻምፒዮና የነሐስ ባለቤት ሆነ።

በዚያው በሚሺን ሜዳ ላይ ሁለት ዓመት የሚበልጠው አሌክሴይ ያጉዲን ነበር። ሁለት አውራ ዶሮ በአንድ ግቢ አይሰነብትም፤ ያጉዲን በ1998 አሠልጣኙን ትቶ ወደ ታቲያና ታራሶቫ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ ያሉት አራት ዓመታት በእኔ እምነት በዚህ ስፖርት የወንዶች ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚጣፍጡት ናቸው። ያጉዲን የዓለም ሻምፒዮንነቱን በ1998፣ በ1999፣ በ2000ና በ2002 ወሰደ፤ ፕሉሼንኮ በመካከሉ በ2001 ቀማው። ያን የ2001 ወርቅ ያገኘው የት ይመስላችኋል? በዚያችው በቫንኩቨር ነው። በ2002 በሶልት ሌክ ኦሊምፒክ ግን በአጭሩ ፕሮግራም አራት ዙሩን ሲሞክር ወድቆ አራተኛ ሆነ፤ በነጻው ፕሮግራም ወደ ብር ወጣ፤ ወርቁን ያጉዲን ያለ እንከን ሠርቶ ወሰደው። በዓመቱ ያጉዲን በዳሌው ሕመም ከውድድር ተሰናበተ።

ከዚያ በኋላ ፕሉሼንኮን የሚያሯሩጠው ሰው ጠፋ ማለት ይቻላል። በ2003 በዋሽንግተንና በ2004 በዶርትሙንድ የዓለም ወርቅ ወሰደ፤ በ2002 መገባደጃ በውድድር ላይ አራት ዙር፣ ሦስት ዙርና ሌላ ሦስት ዙር በተከታታይ አያይዞ በመዝለል የመጀመሪያው ሰው ሆነ። የአውሮፓ ወርቁን ብትቆጥሩ ከ2000 እስከ 2012 ሰባት ነው። በቱሪን የታየው የ27 ነጥብ ልዩነት የዚህ ዘመን ፍሬ ነው፤ ነገር ግን እውነቱን ለመናገር ያ ፕሮግራም እኔን እንደ ድሮው አላስደሰተኝም፤ አሸናፊነቱን አስቀድሞ ያወቀ ሰው ሥራ ነበር። ያጉዲን አጠገቡ ቢኖር እንዲያ አይንሸራተትም ነበር።

የቫንኩቨሩን ስሌት ሰበታ ያለው ወንድማችን አሳምሮ አስረድቶታል። እኔ የምጨምረው ፕሉሼንኮ ከቱሪን በኋላ ከሦስት ዓመት በላይ ከውድድር ርቆ መቆየቱን ነው። የተመለሰው በ2009 መጸው ነው፤ ማለትም ኦሊምፒኩ ሊጀመር ጥቂት ወራት ሲቀሩት። በዚያ ጊዜ አራት ዙሩን መመለሱ በራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ ደንቡን እንደ አዲስ ለማጥናት ግን ጊዜው አልበቃውም ይመስለኛል። ሽልማቱ ላይ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ሲሄድ በአንደኛው ደረጃ ላይ ረግጦ ማለፉ ግን አላስደሰተኝም። የሰበታው ወንድሜ እንዳለው መቆጣት ካለበት በደንቡ ላይ ነበር።

ፊዚዮቴራፒስት ከኮዬ ፈጬ

ጋሼ፣ ስለ ያጉዲን የጻፉት ልቤን ነካው። እኔ መናገር የምፈልገው ግን ማንም ያልደፈረውን የሶቺን ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም ሥራዬ የተጎዳ ጉልበትና ወገብ ማከም ነው።

ሩሲያ በሶቺ በወንዶች የነበራት ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ የቦታ ብዛት የሚወሰነው በቀደመው ዓመት የዓለም ሻምፒዮና ውጤት ሲሆን፣ በ2013 ወጣቱ ማክሲም ኮቭቱን 17ኛ ስለወጣ ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ በሩሲያ ሻምፒዮና ግን ኮቭቱን አንደኛ፣ ፕሉሼንኮ ሁለተኛ ሆኑ። ኮቭቱን በጥር በአውሮፓ ሻምፒዮና አምስተኛ ሲወጣ፣ ፌዴሬሽኑ ፕሉሼንኮን በዝግ ሜዳ ፈትኖ ቦታውን ሰጠው። እኛ በየኦሊምፒኩ ስለ ማራቶን ምርጫ የምንከራከረውን ክርክር ሩሲያውያንም በዚያ ክረምት ተከራክረዋል።

የእኔ ቅሬታ ግን ከፈተናው ዓይነት ላይ ነው። ዝግ ፈተና የሚለካው ሰውዬው ዛሬ መዝለል መቻሉን ነው። በሶቺ ግን አዲስ የቡድን ውድድር ስለነበረ፣ አንድ ወንድ ብቻ ያላት አገር ያንኑ ሰው የካቲት 6 እና 9 ለቡድኑ፣ 13 እና 14 ለግሉ፣ አራት ጊዜ ማሠራት ነበረባት። በ31 ዓመቱ፣ ከዓመት በፊት በጀርባ አጥንቱ መካከል ሰው ሠራሽ ዲስክ የተገባለት ሰው! አንድ አራት ዙር ዝላይ በአየር ላይ የሚቆየው ከአንድ ሴኮንድ ያነሰ ቢሆንም፣ ሲያርፍ የሰውነቱን ክብደት ብዙ እጥፍ በአንድ እግርና በአንድ ወገብ ነው የሚቀበለው፤ በልምምድ ላይ ደግሞ ይህን በቀን ደጋግሞ ያደርገዋል። ወደ እኔ የሚመጡ ወጣት ሯጮች «ያማል?» ስላቸው በአፋቸው «አያምም» እያሉ በእጃቸው የአልጋውን ጠርዝ ይጨብጣሉ። ስለዚህ ለፊታቸው ሳይሆን ለእጃቸው ነው የማየው። ፕሉሼንኮም የካቲት 13 ቀን በማሟሟቂያው ላይ አክሰሉን ሞክሮ ሲያርፍ እጁ ወደ ወገቡ ሄደ፤ እኔ ያኔውኑ አበቃ አልኩ። ወደ ዳኛዋ ሄዶ መውጣቱን ተናገረ፤ በዚያ ሰዓት የሚተካው ሰው ማስገባት ስለማይቻል ሩሲያ በገዛ አገሯ በወንዶች ነጠላ ያለ ተወዳዳሪ ቀረች። በኋላ ወገቡ ውስጥ ካሉት ብሎኖች አንዱ ተሰብሮ መገኘቱ ተነገረ።

በመውጣቱ አልወቅሰውም፤ በመግባቱም ቢሆን መጠየቅ ያለበት እሱ አልነበረም። ኃይሌ በ2004 በአቴንስ የቁርጭምጭሚት ጅማቱ ተጎድቶ ገብቶ አምስተኛ ሲወጣ አልቅሰናል፤ ነገር ግን ቀነኒሳና ስለሺ ነበሩን። ፕሉሼንኮ ከኋላው ማንም አልነበረውም፤ ይህ የእሱ ጥፋት አይደለም፤ ተተኪ ያላዘጋጁት ሰዎች ጥፋት ነው።

የሰበታው ሒሳብ ሠራተኛ

እህቴ፣ ስለ ሕመሙ የሚያውቁት እርስዎ ነዎትና አልከራከርም፤ በአንድ ነገር ብቻ አልስማማም። የቡድኑ ወርቅ ያለ እሱ በቀላሉ ይገኝ የነበረ አስመስለውታል። ሩሲያ 75፣ ካናዳ 65 ነጥብ ነው ያገኙት። ከ75ቱ ውስጥ ፕሉሼንኮ በአጭሩ ፕሮግራም 91.39 አስመዝግቦ ከጃፓናዊው ዩዙሩ ሃንዩ ቀጥሎ ሁለተኛ በመውጣት 9 ነጥብ፣ በነጻው 168.20 አስመዝግቦ አንደኛ በመውጣት 10 ነጥብ፣ በድምሩ 19 አምጥቷል። በእሱ ፋንታ የገባው ወጣት ከዚህ ግማሹን ብቻ ቢያመጣ፣ የካናዳዎቹ ወንዶችም በዚያው መጠን አንዳንድ ደረጃ ከፍ ስለሚሉ፣ ካናዳ በአንድ ነጥብ ተኩል ገደማ ትቀድም ነበር። ፌዴሬሽኑ የቆረጠው ይህን አስቦ ይመስለኛል፤ ወርቁንም አግኝቷል። ፕሉሼንኮም በዚያ ወርቅ አራተኛ የኦሊምፒክ ሜዳሊያውን ይዞ፣ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ከነበረው ከስዊድኑ ጊሊስ ግራፍስትሮም ጋር በቁጥር ተስተካከለ።

ፊዚዮቴራፒስት ከኮዬ ፈጬ

ቁጥሩን እቀበላለሁ። ወርቁ ግን ከየካቲት 9 በፊት በነበረው ወገብ ነው የተከፈለው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሒሳብ እኛ በሕክምናው በኩል የምንይዘው ነው።

የቱሉ ዲምቱ መምህር (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሰበታው ወንድሜ ያስቀመጡትን ስሌት በፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ ጽፌ ለወንድሜ አሳየሁት፤ አሥር በመቶውን ራሱ አስልቶ 1.42 ሲመጣለት ለረጅም ጊዜ ዝም አለና «ታዲያ አሠልጣኙ አልነገረውም?» አለኝ። ለባልደረባዬም ሁለቱም 82.80 ማግኘታቸውን ነገርኩት፤ እሱ አሁንም በጓዳው ነው የሚያምነው፤ እኔ ግን አሁን የምመልስለት አለኝ። በነገራችን ላይ በቱሪንም ሆነ በቫንኩቨር ባንዲራችንን የያዘው በአገር አቋራጭ የበረዶ ሸርተቴ የተወዳደረው ሮቤል ተክለማርያም መሆኑን ስነግረው ወንድሜ ጫማውን አንሥቶ ወጣ።

ጋሼ፣ ለእርስዎ ሁለት ጥያቄ ላክሁ። ወንድሜ አክሰሉን ከምን ይጀምር? ላይሳቼክስ ከዚያ ወርቅ በኋላ ምን ደረሰ?

የለገጣፎ ጡረተኛ

ልጄ፣ አክሰል ከሌሎቹ ዝላዮች የሚለየው ወደ ፊት እያየ በመነሣቱ ነው፤ ማረፊያው ግን ወደ ኋላ ስለሆነ፣ አንድ ዙር የሚባለው በእርግጥ አንድ ዙር ተኩል፣ ሦስት ዙር የሚባለውም ሦስት ተኩል ነው። በሩሲያ ልጆች የሚጀምሩት በግማሽ ዙር ነው፤ ወደ ፊት ይነሣል፣ በአየር ላይ ይዞራል፣ በሌላኛው እግር ወደ ኋላ እየሄደ ያርፋል። በረዶ የሚያንሸራትተውን አስፋልት ይይዛልና መጀመሪያ ያለ ጫማው በሣር ላይ ይለማመድ፤ ጫማው ውስጥ የጠቀጠቀውን ካልሲም አውጡለትና በልኩ ፈልጉለት፤ ቁርጭምጭሚት በሚላወስ ጫማ አይዘለልም።

ላይሳቼክ ከቫንኩቨር በኋላ ለመመለስ ቢሞክርም ጉዳት አልለቀቀውም፤ ዳግመኛ አልተወዳደረም። ፕሉሼንኮ ግን በ2012፣ በ29 ዓመቱ፣ በሼፊልድ ሰባተኛውን የአውሮፓ ወርቅ ወሰደ።